የእናት ጡት ወተትና የሕፃናት ቁጥር
ለእናቶችና ለቤተሰብ ሁሉ የተዘጋጀ ትምህርት

እረኛ ማታ ከብቱን ወደ በረት ሲያስገባ ይቆጥራል። አንዲት ጥጃ ብትጎድል ቤቱ ሁሉ ይነሣል፤ ችቦ ተይዞ ይፈለጋል። ገበሬ ነዶውን፣ ነጋዴ ብሩን፣ የዕቁብ ዳኛ ዕጣውን ይቆጥራል። ነገር ግን በዚህ ዓመት በቀበሌያችሁ ስንት ሕፃናት ተወለዱ፤ ከተወለዱትስ ስንቱ ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ ተብሎ ቢጠየቅ ወዲያው መልስ የሚሰጥ ሰው ብዙ አይገኝም።

ይህ ጽሑፍ ስለ ቤት ንጽሕና የሚያስተምር ሆኖ ሳለ ስለ ቁጥር የሚናገርበት ምክንያት አለው። እኛ የጤና ሠራተኞች «ለሕፃኑ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ስጡት፤ ውሃም ቢሆን አትጨምሩለት» ስንል ብዙ እናቶች «ይህን በምን ዐወቃችሁ? እናቶቻችን እንዲህ አላደረጉም» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በትእዛዝ ብቻ ሊመለስ አይገባውም። መልሱ አንድ ነው፤ ቆጥረን፣ አነጻጽረን ዐወቅን። እንዲህ ያለው የመቁጠርና የማነጻጸር ትምህርት ስታቲስቲክስ ይባላል። ቃሉ እንግዳ ቢመስልም ሥራው ለማንኛዋም ባለሙያ እናት የሚገባ ስለ ሆነ ከዚህ ቀጥለን ደረጃ በደረጃ እንገልጸዋለን።

፩ኛ፤ ከስንት ስንት?

«በዚህ ዓመት በእኛ መንደር አምስት ሕፃናት ሞቱ» ቢባል ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ስንት እንደ ተወለዱ ካልታወቀ ምንም ማለት አይቻልም። ከ20 ሕፃናት አምስት ቢሞቱ ትልቅ መቅሠፍት ነው። ከ500 አምስት ቢሞቱ ግን፣ ለእያንዳንዷ እናት ሐዘኑ ያው ቢሆንም፣ የመንደሩ ጤና ደኅና ነው ያሰኛል። ስለዚህ የሞቱትን ብቻ ሳይሆን የተወለዱትንም መቁጠር ያስፈልጋል። የጤና ሰዎች ሒሳቡን የሚያወጡት «በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱ ስንት ናቸው?» እያሉ ነው።

በዚህ ዓይነት ሒሳብ በ1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 97ቱ የመጀመሪያ ዓመታቸውን ሳይጨርሱ ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ግን ቁጥሩ ወደ 48 ወርዷል። እነዚህ ቁጥሮች እያንዳንዱ ጥናት ከመደረጉ በፊት የነበሩትን አምስት ዓመታት የሚመለከቱ ናቸው። በመንደር ቋንቋ ስንናገረው፣ ቀድሞ ከመቶ ሕፃናት ወደ አሥር የሚጠጉ ይሞቱ የነበረው ወደ አምስት ዝቅ ብሏል ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሕይወት የዳነው በጡት ወተት ነውን? እንዲህ ብንል እንዋሻለን። በ1992 ዓ.ም. ስድስት ወር ካልሞላቸው ሕፃናት መካከል ጡት ብቻ ይጠቡ የነበሩት ከመቶ 54 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 58 ሆኑ። ጭማሪው ትንሽ ነው። እንግዲያው ሞቱ በግማሽ የቀነሰው ክትባትም፣ የጤና ኬላም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም፣ ሌላም ነገር ተጨምሮበት ነው። ሁለት ነገሮች በአንድ ዘመን ስለ ተለወጡ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው አይባልም። የስታቲስቲክስ የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው፤ አለመቸኰል።

፪ኛ፤ አንድ ቤት ለምስክርነት አይበቃም

ብዙ አያቶች እንዲህ ይሉናል፦ «እኔ ስድስት የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ሁሉም በተወለዱ ቀን ቅቤ ቀምሰዋል፤ አብሽም ተሰጥቷቸዋል። ይኸው ስድስቱም አድገው ይሮጣሉ። ምን ሆኑ?»

እማማ የሚናገሩት እውነት ነው፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ነገር ግን ሒሳቡን አብረን እንመልከት። ከአሥር ሕፃናት አንዱ በሚሞትበት ዘመን እያንዳንዳቸው ስድስት የልጅ ልጅ ያሏቸውን 100 አያቶች እናስብ። ሞት ወደ የትኛውም ቤት እኩል የሚገባ ቢሆን ከመቶው አያቶች 53 ያህሉ አንድም የልጅ ልጅ አይሞትባቸውም። 47ቱ ግን አንድ ወይም ከአንድ በላይ ይቀብራሉ። እንግዲህ እነዚያ 53ቱ «እኛ ምንም አላየንም» ቢሉ አልዋሹም። የ47ቱ ቤት ግን አብሮ ካልተቈጠረ እውነቱ በግማሽ ይቀራል።

ሌላም ነገር አለ። ያደገው ልጅ ደጅ ላይ ሲሮጥ ይታያል፤ የሞተው አይታይም። በተለይ ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃን በብዙ ቤት ስሙ አይነሣም፤ እናቱም ለመናገር ይከብዳታል። ስለዚህ የምናየው ምስክር ሁሉ የተረፉት ምስክር ነው። አንዱ ቤት ብቻ ሳይሆን ብዙ ቤት፣ ያደጉት ብቻ ሳይሆኑ የሞቱትም መቈጠር ያለባቸው ስለዚህ ነው።

፫ኛ፤ እኩያን ከእኩያን ጋር ማነጻጸር

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ጡት ብቻ የሚጠቡ ሕፃናትንና ከጡት ጋር ውሃ፣ የላም ወተት፣ አጥሚት ወይም አብሽ የሚሰጣቸውን ሕፃናት እናነጻጽር። የሚከተለው ቁጥር ለማስተማሪያ ብለን ያዘጋጀነው ምሳሌ ነው እንጂ ከአንድ መንደር የተቈጠረ አይደለም። ባቄላና አተር አምጥታችሁ መደብ ላይ እየደረደራችሁ ብትከተሉን ይበልጥ ይገባችኋል።

ጡት ብቻ የሚጠቡ 100 ሕፃናት አሉ እንበል። ከእነርሱ በአንድ ወር ውስጥ 8ቱን ተቅማጥ ያዛቸው። ሌላ ነገር የሚጨመርላቸውም 100 ሕፃናት አሉ፤ ከእነርሱ 34ቱን ተቅማጥ ያዛቸው። ይህን ያየ ሰው «ሌላ ነገር መጨመር ተቅማጥን ከአራት እጥፍ በላይ ያበዛል» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ግን ገና ነው። እነዚያን ቤቶች ገብተን ስናያቸው ልዩነታቸው በአመጋገብ ብቻ አልነበረም።

ጡት ብቻ ከሚጠቡት መቶ ሕፃናት 80ዎቹ የሚኖሩት መጸዳጃ ባለበት፣ እጅ በሳሙና ወይም በአመድ በሚታጠብበት ንጹሕ ቤት ነው፤ 20ዎቹ ብቻ ንጽሕና በጐደለው ቤት ይኖራሉ። ሌላ ከሚጨመርላቸው መቶ ሕፃናት ግን ንጹሕ ቤት ያላቸው 20ዎቹ ብቻ ናቸው፤ 80ዎቹ የሚኖሩት ንጽሕና በጐደለው ቤት ነው። ታዲያ ተቅማጡን ያመጣው የተጨመረው ምግብ ነው ወይስ የቤቱ ቆሻሻ? ይህን ለመለየት እኩያን ከእኩያን ጋር እናስተያያለን።

በመጀመሪያ ንጹሕ ቤቶችን ብቻ እንይ። ጡት ብቻ ከሚጠቡት 80 ሕፃናት 4ቱ ታመዋል፤ ይህ ከመቶ 5 ነው። ሌላ ከሚጨመርላቸው 20 ሕፃናት 2ቱ ታመዋል፤ ይህ ከመቶ 10 ነው።

ቀጥለን ንጽሕና የጐደላቸውን ቤቶች እንይ። ጡት ብቻ ከሚጠቡት 20 ሕፃናት 4ቱ ታመዋል፤ ይህ ከመቶ 20 ነው። ሌላ ከሚጨመርላቸው 80 ሕፃናት 32ቱ ታመዋል፤ ይህ ከመቶ 40 ነው።

አሁን እውነቱ ተገለጠ። በንጹሕ ቤትም ሆነ በቆሻሻ ቤት ሌላ ነገር የተጨመረለት ሕፃን የሚታመመው በእጥፍ ነው። ስለዚህ ጡት ብቻ ማጥባት በእርግጥ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በመጀመሪያ እንደ መሰለን ከአራት እጥፍ በላይ ሳይሆን በእጥፍ ነው። የቀረው ልዩነት የንጽሕና ሥራ ነበር። ደግሞም ሁለቱን ባንድነት ስናያቸው በንጹሕ ቤት ጡት ብቻ የሚጠባው ሕፃን ከመቶ 5 ሲታመም፣ ሁለቱም የጐደሉበት ከመቶ 40 ይታመማል። እንግዲህ ጡትና ንጽሕና እንደ ሁለት በሬ ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ቢጐትት ዕርሻው ይጓተታል።

ብልህ ጥናት ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። የእናቲቱን ዕድሜ፣ ትምህርቷን፣ የቤቱን ሀብት፣ የሚጠጣውን ውሃ፣ ሕፃኑ ሲወለድ የነበረውን ክብደት እየለየ እኩያን ከእኩያን ጋር ያስተያያል። ይህን ያላደረገ ቁጥር ቢነገራችሁ አትቀበሉ፤ ከእኛም አፍ ቢወጣ «ቤቶቹ እኩያ ናቸው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁን።

፬ኛ፤ የቱ ቀደመ?

አንድ ሕፃን ጡት መጥባት ተወ፤ ከሦስት ቀን በኋላም ሞተ እንበል። የሞተው ጡት ስለ ተወ ነውን? ምናልባት ነገሩ በተቃራኒው ይሆናል። አስቀድሞ ታሞ ስለ ነበረ ለመጥባት አቅም አጣ፤ ከዚያም ሞተ። እንዲህ ያሉ ሕፃናት ከቈጠራው ካልተለዩ ጡት ከሚገባው በላይ ይመሰገናል።

በጋና አገር ኪንታምፖ በሚባለው አካባቢ ተመራማሪዎች ይህን ነገር በጥንቃቄ መርምረዋል። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2004 በተወለዱ 10,947 ሕፃናት ላይ ባደረጉት ጥናት ከእናታቸው ጡት መጥባት የጀመሩትንና እስከ ሁለተኛው ቀን በሕይወት የቈዩትን ብቻ ቈጠሩ። ይህን ያደረጉት ከልደቱ ጀምሮ እጅግ ደክሞ ስለ ነበረ ሳይጠባ የሞተው ሕፃን ሒሳቡን እንዳያበላሽባቸው ነው። እንደዚያም ተጠንቅቀው ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ጡት የጀመሩት ሕፃናት በመጀመሪያው ወር የመሞት ዕድላቸው በመጀመሪያው ቀን ከጀመሩት ይልቅ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ አገኙት። ሁሉም እናቶች በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢያጠቡ ኖሮ ከመጀመሪያው ወር ሞት ከመቶ 22 ያህሉን መከላከል ይቻል እንደ ነበረም አስልተዋል። ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል።

«የቱ ቀደመ?» የሚለው ጥያቄ በእኛም ቤት ይጠቅማል። በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ወር ሕፃኑ ተቅማጥ ሲይዘው «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ይባላል፤ አንዳንዱም ድዱን ያስቈርጣል። እስቲ ልብ በሉ፤ በዚያው ወር ሌላ ምን ሆነ? ሕፃኑ መዳህ ጀመረ፤ መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ከተተ፤ ምግብና ውሃም ተጀመረለት። ጥርሱም፣ ምግቡም፣ መሬቱም የመጡት በአንድ ወቅት ነው። ጥርሱ የሚታይ ስለ ሆነ ተከሰሰ፤ ያልታጠበው እጅና ያልተፈላው ውሃ ግን በነጻ ተለቀቁ። ድድን መቍረጥ ደም መፍሰስንና ሌላ በሽታን ያመጣል እንጂ ተቅማጥን አያቆምም።

፭ኛ፤ በዕጣ የተደረገ ጥናት

እኩያን ከእኩያን ጋር ለማስተያየት ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ዕጣ ነው። ዕጣ ባለጸጋና ድኻ፣ የተማረና ያልተማረ ሳይል ሁሉን ያደባልቃል። ዳሩ ግን ጡት እንደሚጠቅም እየታወቀ «አንቺ አጥቢ፤ አንቺ አታጥቢ» ብሎ በእናቶች ላይ ዕጣ መጣል ኀጢአት ነው።

በቤላሩስ አገር የነበሩ ሐኪሞች ለዚህ መላ አገኙለት። እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ1997 ዕጣውን የጣሉት በእናቶች ላይ ሳይሆን በ31 የማዋለጃ ሆስፒታሎችና በሕፃናት ክሊኒኮቻቸው ላይ ነው። ዕጣ በወጣላቸው ቦታዎች የሚሠሩ ሠራተኞች እናቶችን ጡት በማጥባት እንዴት እንደሚረዱ በሚገባ ተማሩ፤ ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው ቀጠሉ። በጥናቱ ከ17,000 በላይ እናቶችና ሕፃናት ገቡ። ርዳታ ባገኙት ዘንድ በሦስተኛው ወር ጡት ብቻ የሚጠቡት ከመቶ 43 ሲሆኑ፣ በሌሎቹ ዘንድ ከመቶ 6 ብቻ ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት የሆድ ሕመም የያዛቸው ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ዘንድ ከመቶ 9፣ በሌሎቹ ዘንድ ከመቶ 13 ሆኑ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ የጡት ጥቅም በዕጣ ተፈትኖም የጸና መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ እናት ስትረዳ የበለጠ የምታጠባ መሆኗ ነው። ስለዚህ ማጥባት የእናቲቱ ብቻ ሥራ አይደለም፤ ባልም፣ አማትም፣ ጐረቤትም ያሉበት ሥራ ነው።

፮ኛ፤ ዘግኖ መመልከት

በአገሩ ያለውን እናት ሁሉ በየዓመቱ መጠየቅ አይቻልም። እህል የሚገዛ ሰው ጆንያውን ሁሉ አይዘረግፍም፤ ከላይም፣ ከመካከልም፣ ከታችም ይዘግናል። ከላይ ብቻ ቢዘግን ይታለላል። እኛም ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው አስፋልት ዳር ያሉትን ቤቶች ብቻ ብንጠይቅ በጮቄ ተራራ ሥር ያለችውን እናት አናውቃትም። ለዚህ ነው የ2008ቱ ጥናት በመላው አገር 645 የቈጠራ ቦታዎችን በዕጣ መርጦ ከየቦታው 28 ቤቶችን ያወጣው። በዕጣ የወጣ ቤት ጠያቂ ሲመጣበት «ምን በደልኩ?» ብሎ ሊሠጋ አይገባውም፤ ያ ቤት ለብዙ ሺህ ቤቶች ይናገራል።

በእኛም አካባቢ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተደርጓል። በ2005 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ ከ400 በላይ እናቶች ተጠይቀው፣ ስድስት ወር ካልሞላቸው ሕፃናት ጡት ብቻ የጠቡት ከመቶ 61 ያህል ሆነው ተገኙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሞጣ በተደረገ ተመሳሳይ ጥናት ደግሞ ግማሽ ያህል ሆኑ።

እንዲህ ባለው ቈጠራ የሚጠየቀው «ትናንት ቀንና ሌሊት ለሕፃኑ ምን ሰጠሽው?» ተብሎ ነው። የትናንቱን እናት አትረሳውም፤ የሦስት ወሩን ግን ትረሳዋለች። ሆኖም ጥያቄው ጉድለት አለው። በተወለደ ቀን ቅቤ የቀመሰ ሕፃን ትናንት ጡት ብቻ ከጠባ «ጡት ብቻ የሚጠባ» ተብሎ ይቈጠራል። ስለዚህ ከመቶ 61 ሲባል ከተወለዱ ጀምሮ ምንም ሌላ ያልቀመሱት ከዚያ ያንሳሉ ብለን መገንዘብ አለብን። በተወለደ በሦስት ቀን ውስጥ ከጡት በፊት ሌላ ነገር የማቅመስ ልማድ ግን በአገራችን እየቀነሰ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. ከመቶ 27 የነበረው በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 8 ሆኗል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሕፃኑን ከልደቱ ጀምሮ እየተከተሉ መመዝገብ ነው። በቡታጅራ እ.ኤ.አ. ከ1986፣ በጐንደር በኩል በዳባት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ልደትና ሞት ቤት ለቤት እየተከታተሉ የመመዝገብ ሥራ ተቋቁሟል። በዚህ ዓይነቱ ምዝገባ የቱ እንደ ቀደመ በግልጥ ይታወቃል።

፯ኛ፤ ቁጥሩ ለቤታችን ያዘዘልን

ከዚህ ሁሉ ቈጠራ የተገኘው ምክር የሚከተለው ነው።

ሀ) ሕፃኑ እንደ ተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጥባ። መጀመሪያ የሚወጣው ወፈር ያለ ቢጫ እንገር አይጣል። ላም የወለደችለት ገበሬ ጥጃው እንገሩን እንዲጠባ ይተውለታል፤ የሰውም ልጅ ይገባዋል። እንገር ከበሽታ የሚከላከል ኀይል አለው።

ለ) ቅቤ፣ ስኳር በውሃ፣ አብሽ፣ የተልባ ውሃ ለአራስ ሕፃን አይሰጥ። ሆዱ ገና ጨቅላ ነው፤ የተሰጠውም ነገር ተዋሲያን ይዞ ይገባል።

ሐ) እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይበቃዋል። በበጋ ፀሐይም ቢሆን ውሃ አያስፈልገውም፤ ከጡት ወተት ከመቶ 87 ያህሉ ውሃ ነው። ሐኪም ያዘዘው መድኀኒት ግን ይሰጠዋል።

መ) ቀንና ሌሊት ቢያንስ ስምንት ጊዜ ይጥባ። «ወተቴ አይበቃውም» የምትል እናት የሽንቱን ጊዜ ትቍጠር። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀንና በሌሊት ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሸና፣ ክብደቱም የሚጨምር ሕፃን በቅቶታል። ብዙ ሲጠባ ወተቱም ይበዛል።

ሠ) ዕርሻ ወይም ገበያ የምትሄድ እናት እጇን ታጥባ ወተቷን በተቀቀለ ኩባያ ታልበው፤ ይከደን፤ ቀዝቀዝ ባለ ቦታም ይቀመጥ። ቤት የሚቀረው ሰው በአራት ሰዓት ጊዜ ውስጥ በኩባያ ያጠጣው። ጡጦ አንገቱ ጠባብ ስለ ሆነ በሚገባ አይታጠብም፤ ከኩባያ ይልቅ በሽታ ያመጣል።

ረ) ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ የሕፃኑን ዐይነ ምድር ካጸዱ በኋላ፣ ምግብ ከማዘጋጀትና ሕፃኑን ከማብላት በፊት እጅ በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለ በአመድ ይታጠብ። «የሕፃን ዐይነ ምድር ምንም አያደርግም» የሚባለው ስሕተት ነው፤ ወደ ጉድጓዱ ይጣል።

ሰ) ስድስት ወር ሲሞላው ከጡቱ ጋር ለስለስ ያለ ገንፎ በወተት፣ በእንቍላል፣ በአትክልት እየተደረገ ይጀመርለት። ጡቱ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል።

ሸ) ሕፃኑ ሲታመም ጡት አይቋረጥ፤ እንዲያውም ይጨመር። ተቅማጥ ከያዘው ከጤና ኬላ የኦ.አር.ኤስ. ዱቄትና የዚንክ ክኒን ይወሰድለት። መጥባት ካቃተው፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ዐይኑ ከጐደጐደ ወይም በሰገራው ደም ከታየ ጠዋት እስኪሆን ሳይጠበቅ ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ቀ) የኤች.አይ.ቪ. ተዋሲያን ያለባት እናት በራሷ ፈቃድ ጡት አታቋርጥ። መድኀኒቷን እየወሰደች እንዴት እንደምታጠባ ከጤና ጣቢያ ትጠይቅ።

፰ኛ፤ ቈጣሪው ቤታችሁ ሲመጣ

ቁጥር የሚረዳን እውነተኛ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ሌላ ቈጣሪ ሲመጣ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን።

የመጀመሪያው፣ የምናስተምረውን ሳይሆን ያደረጋችሁትን ንገሩን። «ጡት ብቻ» ማለት የሚያስመሰግን መስሏት ውሃ የሰጠች እናት «አልሰጠሁም» ብትል፣ ጡት ብቻ እየጠቡ የታመሙ ሕፃናት በመዝገቡ ላይ በሐሰት ይበዛሉ። ከዚያ በኋላ ምክሩ ሁሉ ይጠፋል። እውነቱን ስለ ተናገረች የሚቈጣት ሰው አይገባም።

ሁለተኛው፣ ሕፃኑ የተወለደበትን ቀን አስጽፉ። ጽሕፈት ከሌለ በበዓል ያዙት፤ «የጥምቀት ማግስት»፣ «የፍልሰታ መያዣ»፣ «ማርያም በዋለች በሦስተኛው ቀን» ብትሉን ቀኑን እናወጣዋለን። አምስት ወሩን ከሰባት ወሩ ሳንለይ ስለ አመጋገቡ ምንም ማወቅ አንችልም።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። የሞተውንም ሕፃን አስቈጥሩ። አንድ ቀን ብቻ የኖረ ቢሆን፣ ስም ያልወጣለት፣ አርባው ወይም ሰማንያው ሳይደርስ የሄደ ቢሆን፣ ተወልዶ ነበርና ይቈጠር። እርሱ ሳይጻፍ ከቀረ መንደሩ ደኅና ይመስላል፤ ደኅና ለሚመስል መንደር ደግሞ መድኀኒትም ሠራተኛም አይታከልለትም። የተጻፈ እንደ ሆነ ግን የእርሱ መቈጠር ለሚቀጥለው ሕፃን ጠባቂ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ የጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በየቀበሌው ያለው ለዚህ ነው፤ ልደቱንም ሞቱንም ሳትዘገዩ አስመዝግቡ።

በማኅበር ወይም በእድር ስትሰበሰቡ የምትነጋገሩባቸው ጥያቄዎች

፩) በቀበሌያችን ባለፈው ዓመት ስንት ሕፃናት ተወለዱ? ከስንቱ ስንቱ ዓመታቸውን አከበሩ?
፪) «የእኔ ልጅ ቅቤ ቀምሶ አደገ» ለሚል ሰው ምን ትመልሳላችሁ?
፫) በባቄላና በአተር የቈጠርነውን ምሳሌ ለጐረቤታችሁ አሳዩ። ንጽሕና ብቻ ቢኖር፣ ወይም ጡት ብቻ ቢኖር፣ ከመቶ ስንት ሕፃናት ይታመማሉ?
፬) የምታጠባ እናት ባለችበት ቤት ባል የትኛውን ሥራ ሊያግዝ ይችላል? አማትስ?
፭) ያልተጻፈ ሕፃን በመንደራችን አለን? ካለ ማን ሄዶ ያስጽፈው?

የመጨረሻውን ጥያቄ ሳትመልሱ አትበተኑ።